ከቦሌ እስከ ዳለስ፦ የአዲስ አበባና የዋሽንግተን የበረራ ርቀትና የጉዞ ሰዓት

በአዲስ አበባው የቦሌ ዓለም አቀፍ ኤርፖርትና ለአሜሪካ ርዕሰ ከተማ መግቢያ በሆነው የዳለስ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት መካከል ያለው የአየር ርቀት 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማይል ሲሰላ 7,170፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 6,230 አካባቢ ይሆናል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አውሮፕላን ይህን ርቀት በየትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ያጠናቅቀዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ግን በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ አርፎ ነዳጅ ስለሚሞላ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጅበታል። በትኬቱ ላይ ከተጻፉት የመነሻና የመድረሻ ሰዓቶች ተነሥቶ የሚያሰላ ሰው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ውጤት ያገኛል፤ መሄጃው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው ሃያ ሰዓት ሊመስለው ይችላል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ ይኖራል። በመሆኑም ይህ መስመር ከነጋዴና ከዲፕሎማት ይልቅ ልጇን ለማረስ የምትሄድ እናት፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚመጣ ወንድም፣ ከዓመታት በኋላ አገሩን ሊያይ የሚመለስ ቤተሰብ የሚመላለስበት ነው። ለእነዚህ መንገደኞች የሰዓት ስሌት ጉዳይ ተራ ጉዳይ አይደለም። አንድ ቀን አዛብቶ ኤርፖርት የደረሰ ሰው ትኬቱን ያጣል፤ ለቀጣዩ በረራ አጭር ጊዜ የመደበ ደግሞ ሌሊቱን በማያውቀው ኤርፖርት ወንበር ላይ ያሳልፋል።

የርቀቱ መስመር

በግድግዳ ላይ በሚሰቀል ጠፍጣፋ ካርታ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ያገናኘ ሰው መስመሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታንያ አልፎ አትላንቲክን ሲሻገር ያያል። አጭሩ መንገድ ግን ይህ አይደለም። ምድር ድቡልቡል በመሆኗ ጠፍጣፋው ካርታ ከምድር ወገብ የራቁትን አገሮች ይለጥጣቸዋል። በሉል ላይ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥሮ ያየ ሰው ክሩ ከአዲስ አበባ ሲነሣ ወደ ሰሜን ምዕራብ እንደሚያዘነብል ያስተውላል። ክሩ በካርቱም አቅራቢያ በሱዳን ላይ ያልፋል፤ የሊቢያንና የአልጄሪያን በረሃ አቋርጦ ስፔንና ፖርቱጋል ላይ ይደርሳል፤ በአትላንቲክ ላይ እስከ ፈረንሳይዋ ቦርዶ ከተማ ኬክሮስ ድረስ ሽቅብ ከወጣ በኋላ በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ በስተደቡብ አድርጎ ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል። 11,550 ኪሎ ሜትር የተባለውም የዚህ ክር ርዝመት ነው።

አውሮፕላኖች ክሩን ተከትለው የሚበሩበት ጊዜ እምብዛም ነው። የአየር ክልል የአገር ንብረት ነውና ሰላም በሌለበት ወይም ፈቃድ በተነፈገበት ቦታ ላይ መስመሩ ይጠመዘዛል። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በ1998 እ.ኤ.አ. ጦርነት ከተነሣ በኋላ የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ወደ ሰሜን ሲበሩ ለሃያ ዓመታት የኤርትራን ሰማይ እየዞሩ ያልፉ ነበር። በጁላይ 2018 ሰላም ወርዶ የአዲስ አበባና የአስመራ በረራ ሲጀመር ያ ሰማይ ተከፈተ። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 2023፣ በሱዳን ጦርነት ተቀሰቀሰና የዚያች አገር የአየር ክልል ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ። ሱዳን ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ሁሉ ዋናዋ መተላለፊያ ስለነበረች ብዙዎቹ በረራዎች ወደ ቀይ ባሕር አቅጣጫ ማፈግፈግ ግድ ሆነባቸው። እንዲህ ያለው ዙሪያ ጥምጥም በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትርና በደቂቃዎች የሚለካ ጊዜ ይጨምራል፤ ተሳፋሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስተውለውም።

መሄጃው ለምን ያርፋል?

ብዙ ተሳፋሪዎች አውሮፕላኑ በመንገድ ላይ የሚያርፈው ርቀቱን በአንድ ትንፋሽ መሄድ ስለማይችል ይመስላቸዋል። ይህ ግን ከመመለሻው በረራ ጋር አይጣጣምም፤ ያው አውሮፕላን በማግሥቱ ያንኑ ርቀት ሳያርፍ ይመለሳልና። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2010 እ.ኤ.አ. የተረከበው ቦይንግ 777-200 ኤልአር ከ15 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ለመብረር የተሠራ ነው። በ2012 የገባው 787 ድሪምላይነርና በ2016 የገባው ኤርባስ ኤ350-900ም ረጅም ርቀት ለመብረር የታለሙ ናቸው። ችግሩ ያለው በአውሮፕላኑ አቅም ላይ ሳይሆን አውሮፕላኑ በሚነሣበት ሜዳ ላይ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተሠራ ኤርፖርት ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። የአውሮፕላን ክንፍ የሚያነሣው አየሩን ገፍቶ በመሆኑ አየሩ በሳሳ ቁጥር ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ሞተሩም እንደዚሁ ነው፤ የሚስበው አየር ስለሚቀንስ ጉልበቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን በደከመ ሞተር ከሌላው ቦታ የበለጠ ፍጥነት ላይ መድረስ ይጠበቅበታል። ለዚህ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ የቦሌ መንደርደሪያም 3,800 ሜትር ያህል ቢረዝም ገደብ አለው። ጎማዎቹም ሊሽከረከሩበት የሚችሉበት የፍጥነት ጣሪያ አላቸው። በዚህ ላይ ሁሉም ሞተር በሚሠራበት ሁኔታ ብቻ ሳይሆን፣ በመነሻው ቅጽበት አንደኛው ሞተር ቢቆም በቀረው ብቻ ተራሮቹን ጠርቶ መውጣት መቻል አለበት። በእንጦጦ ሥር ላለ ኤርፖርት ይህ ቀላል ግዴታ አይደለም።

ከእነዚህ ገደቦች ሁሉ ማምለጫው አንድ ነው፤ ክብደት መቀነስ። እስከ ዋሽንግተን ለሚያደርስ በረራ የሚያስፈልገው ነዳጅ ብቻውን በአሥራዎች የሚቆጠር ቶን ይመዝናል። ይህን ሁሉ ነዳጅ ጭኖ ከቦሌ ለመነሣት ብዙ ወንበሮችን ባዶ መተውና ጭነትን ማስቀረት ያስፈልጋል። ያ ደግሞ ለአየር መንገዱ ኪሳራ፣ ለተሳፋሪውም የትኬት ዋጋ ንረት ነው። የተመረጠው ሌላው መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ በመጠነኛ ነዳጅና በሙሉ ተሳፋሪ መነሣት፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላለ ኤርፖርት አርፎ ታንኩን መሙላት፣ ከዚያ ወፍራም በሆነው አየር ላይ ያለ ሐሳብ መነሣት።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖር አንባቢ ነገሩን የሚያጎላ አንድ ንጽጽር አለ። ከዱባይ እስከ ዋሽንግተን ያለው ርቀት 11,350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባው በ200 ኪሎ ሜትር ብቻ ያንሳል። የዶሃው ደግሞ 11,130 አካባቢ ነው። ከሁለቱም ከተሞች ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱ አውሮፕላኖች በየትም ሳያርፉ ይደርሳሉ። የዱባይ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ 20 ሜትር አይሞላም። የባሕረ ሰላጤው ሙቀትም አየሩን ያሳሳዋል፤ ቢሆንም የበጋው ቃጠሎ ከደጋው ከፍታ ጋር የሚወዳደር ጉዳት የለውም። በሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ልዩነት ምክንያት አንዱ ከተማ ያለ ዕረፍት ሲበር ሌላው በመንገድ ላይ ይቆማል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ እንዲሠራ የታቀደው አዲሱ ትልቅ ኤርፖርት በዚህ ረገድ የሚታይ ጥቅም ይኖረዋል። የቢሾፍቱ አካባቢ ከፍታ 1,900 ሜትር ገደማ በመሆኑ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህ ልዩነት ቦታውን የባሕር ዳር አያደርገውም፤ ሆኖም አንድ አውሮፕላን ይዞት ሊነሣ በሚችለው ክብደት ላይ የሚጨምረው ነገር ቀላል አይደለም፤ መንደርደሪያውም ከተማ ሳይከበው በሚፈለገው ርዝመት ሊሠራ ይችላል።

ሮም፣ ደብሊን ወይስ ሎሜ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን በረራዎች በተለያዩ ዓመታት በተለያዩ ከተሞች አርፈዋል። ከእነዚህም ሮም፣ ደብሊንና የቶጎ ርዕሰ ከተማ ሎሜ ይገኙበታል። የማረፊያው ምርጫ በርቀቱ ላይ ምን ያህል እንደሚጨምር ማየት ጠቃሚ ነው።

ሮም ለአጭሩ መስመር ቅርብ ናት። ከአዲስ አበባ ሮም 4,480፣ ከሮም ዋሽንግተን 7,230 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ድምሩ ከቀጥተኛው መስመር የሚበልጠው በ160 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ደብሊን በካርታ ስትታይ በጣም ወደ ሰሜን የወጣች ትመስላለች፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ 6,370፣ ከዋሽንግተንም 5,460 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኗ ጭማሪው ከ300 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ይህ ለአውሮፕላን የሃያ ደቂቃ ጉዳይ ነው። ደብሊን ጉዞውን ወደ እኩል ግማሽ ለመክፈል የምትቀርብ መሆኗም ለነዳጅ ስሌት ያመቻል፤ የመጀመሪያው ክፍል 6,370 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከቦሌ በሙሉ ጭነት መነሣት አያስቸግርም። ሎሜ ግን ሌላ ነገር ናት። በእርሷ በኩል ሲኬድ 4,150 እና 8,600፣ በድምሩ 12,750 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከአጭሩ መስመር 1,200 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጥቅሟ ያለው በነዳጅ ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ መንገደኞች እዚያ ይሳፈራሉ።

ለንጽጽር ያህል፣ ከአዲስ አበባ በዱባይ በኩል ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው መጀመሪያ 2,520 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ይጓዛል፤ ድምሩም 13,870 ገደማ ይደርሳል። በዋጋ ሊረክስ ይችላል፤ በሰዓት ግን፣ የአውሮፕላን መቀየሪያው ጊዜ ሲታከልበት፣ ሃያ ሰዓትን ማለፉ የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ በትኬት ሻጮች ዘንድ በሚነገረው «ቀጥታ በረራ» በሚለው ቃል ዙሪያ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአየር መንገዶች ልማድ ቀጥታ ማለት የበረራው ቁጥር አይቀየርም ማለት ነው። አውሮፕላኑ አያርፍም ማለት አይደለም። በደብሊን የሚያርፈውም በረራ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ቀጥታ ተብሎ ይሸጣል፤ ቢዋሽም አልዋሸም። ማወቅ የሚፈልግ ሰው «በመንገድ ላይ ያርፋል ወይ? ስንት ሰዓት ይቆማል? ከአውሮፕላን እንወርዳለን ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ለነዳጅ የሚደረገው ዕረፍት አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን በዚያ መሐል የበረራ ሠራተኞች ይቀያየራሉ፤ አውሮፕላኑም ይጸዳል። ለማረፍ ሲወርድና ዳግመኛ ሲወጣ የሚጠፋው ጊዜ ሲጨመርበት አንዱ ዕረፍት በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል።

የነፋሱ ድርሻ

ዕረፍቱ ሁለት ሰዓት ከወሰደ፣ በመሄጃውና በመመለሻው መካከል የሚታየው የሦስትና የአራት ሰዓት ልዩነት ሙሉ በሙሉ አልተብራራም። ቀሪው የነፋስ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት በአሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ባለው ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ። ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በታች አይወርድም ለማለት ባይቻልም፣ በክረምት ወራት 200ን አልፎ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። የጅረቱ ምንጭ በምድር ወገብ አካባቢ ባለው ሙቀትና በዋልታው ቅዝቃዜ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ በሚሰፋበት በሰሜኑ ክረምት ጅረቱም ይበረታል።

ትልልቅ አውሮፕላኖች በአየሩ ውስጥ የሚበሩት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ይህን ጅረት በጀርባው ስለሚያገኝ የአትላንቲክን ክፍል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ሊያቋርጥ ይችላል። የሚሄደው ደግሞ ጅረቱን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። የበረራ ዕቅድ አውጪዎች በየቀኑ የነፋሱን ትንበያ አይተው መስመሩን የሚያጠማዝዙትም ለዚህ ነው። ስለሆነም አንድ ቀን በስፔን ላይ ያለፈ በረራ በሌላው ቀን በአየርላንድ ሰሜን በኩል ሊያልፍ ይችላል። ዕቅዱ ከነፋሱ ጋር ሲስማማ በረራው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል፤ አየር መንገዶችም በሰሌዳቸው ላይ የሚያወጡት ሰዓት ይህን ሁሉ አማካይ አድርጎ የያዘ ነው። ሰሌዳው የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንሥቶ በመድረሻው ማቆሚያ ላይ እስከሚቆምበት ድረስ ሲሆን፣ በምድር ላይ የሚያኮበኩብበት ጊዜም በውስጡ ይካተታል።

በትኬት ላይ ያለው ሰዓት

አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት ትጠቀማለች። ዋሽንግተን ግን ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ትቀይራለች፤ በማርች ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። ስለዚህ አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በበጋቸው በ7 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ትቀድማለች።

በምሳሌ እንየው። በጁላይ አንድ በረራ ከአዲስ አበባ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 22:30 ተነሥቶ በማግሥቱ በዋሽንግተን ሰዓት 8:00 ይደርሳል እንበል። በትኬቱ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስላል። በዋሽንግተን 8:00 ሲሆን ግን በአዲስ አበባ 15:00 ነው። ከ22:30 እስከ 15:00 ደግሞ 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ እውነተኛው የጉዞ ጊዜ ይህ ነው። በመመለሻው ከዋሽንግተን ጠዋት 11:00 የተነሣ አውሮፕላን በማግሥቱ አዲስ አበባ 7:00 ሲደርስ ትኬቱ ሃያ ሰዓት ያስመስለዋል፤ ሰባቱ ሲቀነሱ 13 ይቀራል። ሕጉ ቀላል ነው። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የሰዓቱን ልዩነት መደመር፣ ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ መቀነስ። በመድረሻው ሰዓት ጎን የምትታየው የ+1 ምልክት በማግሥቱ ይደርሳል ማለት ነው፤ ሊቀበል የሚሄድ ዘመድ ይህችን ምልክት ካላየ አንድ ቀን ቀድሞ ይቆማል።

ለኢትዮጵያዊ ተሳፋሪ ሌላ ስሌት ይጨመርበታል። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው በንጋት ስለሆነ 22:30 ከምሽቱ 4:30 ነው፤ 7:00 ደግሞ ከጠዋቱ 1:00። ትኬቶች ሁሉ የሚጻፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። «10:30» የሚል ያየ ሰው በአገር ቤት ልማድ አሥር ሰዓት ተኩል ብሎ ከሰዓት በኋላ ቢመጣ፣ አውሮፕላኑ ከስድስት ሰዓት በፊት ከረፋዱ 4:30 ላይ ሄዷል።

ከዚህ የባሰው የሌሊት በረራ ነው። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት፣ በእኛው ከሌሊቱ 6:00 ላይ ነው። «ቅዳሜ 00:30» ተብሎ የተጻፈ በረራ በአማርኛ ዓርብ ማታ፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው። ተሳፋሪው ኤርፖርት መድረስ ያለበት ዓርብ ምሽት ከ3:30 ጀምሮ ነው። ቅዳሜን ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ሲያሰናዳ ውሎ ማታ የሚመጣ ሰው ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ዘግይቷል። ከባሕረ ሰላጤው ከተሞች የሚነሡ በረራዎች ብዙዎቹ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆኑ ይህ ስሕተት በዚያ ለሚሠሩ ወገኖች በጣም ቅርብ ነው። ትኬት ሲቆረጥ ሻጩን «በአበሻ አቆጣጠር የትኛው ማታ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በአማርኛ በትኬቱ ጀርባ ላይ መጻፍ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የወሩ ቀንም እንዲሁ ነው። ትኬትና ቪዛ የሚጽፉት የአውሮፓውያኑን ቀን ነው፤ መስከረም 1 ብሎ የተዘጋጀ ሰው በትኬቱ ላይ ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 መሆኑን ማመሳከር አለበት።

ከዳለስ ወዲያ

አውሮፕላኑ ዳለስ ሲያርፍ የብዙ ሰው ጉዞ አላለቀም። ወደ ሚኒያፖሊስ፣ ወደ ሲያትል፣ ወደ ዳላስ ወይም ወደ አትላንታ የሚቀጥል መንገደኛ በአሜሪካ ሕግ መሠረት የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ፍተሻ የሚያልፈው መጀመሪያ በረገጠው ኤርፖርት ነው። ሻንጣው እስከ መጨረሻው ከተማ ምልክት ቢለጠፍበትም ዳለስ ላይ ከተሽከርካሪው ቀበቶ አንሥቶ በጉምሩክ በኩል ማሳለፍና እንደገና ማስረከብ የራሱ ሥራ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሻንጣውን ትቶ ይሄዳል። የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ በአንዳንድ ጠዋት አጭር፣ በአንዳንዱ ረጅም ስለሆነ ለቀጣዩ በረራ ከሦስት ሰዓት ያላነሰ ጊዜ መተው ብልህነት ነው።

ከዚህም ጋር ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ መሆን አለመሆናቸው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በአንድ ትኬት የተያዘ ከሆነ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍራል። ለየብቻ የተገዛ ከሆነ ግን የሁለተኛው አየር መንገድ ስለ መጀመሪያው መዘግየት የሚጠየቅበት ምክንያት የለም፤ መንገደኛው አዲስ ትኬት ይገዛል። በሃምሳና በመቶ ዶላር ቅናሽ ተስቦ ለየብቻ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከፍለው የዚያን እጥፍ ነው።

እንግሊዝኛ የማይናገሩ እናቶችና አባቶች ብቻቸውን ሲጓዙ ልጆቻቸው የዊልቸር አገልግሎት መጠየቃቸው በዚህ መስመር የተለመደ ሆኗል። እግራቸው ደኅና ቢሆንም፣ ዊልቸር የሚገፋው ሠራተኛ ከአውሮፕላን በር እስከ ኢሚግሬሽን፣ ከዚያም እስከ ሻንጣውና እስከ ዘመዶቻቸው ድረስ ስለሚመራቸው ነው። አገልግሎቱ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ቢሆንም ትኬቱ ሲቆረጥ ወይም ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት መመዝገብ አለበት። የጾም ምግብም በዚያው ጊዜ ይታዘዛል።

በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያለው መንገደኛ፣ በተለይ የስኳር ሕመምተኛ፣ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። በመሄጃው ሌሊቱ ይረዝማል፤ 16 ሰዓት ተኩል ተጉዞ ሲደርስ የግድግዳው ሰዓት ገና ጠዋት ነው። የእጅ ሰዓቱን አስተካክሎ መድኃኒቱን በአዲሱ ሰዓት የሚወስድ ሰው በሁለት መጠኖች መካከል ሊኖር የሚገባውን ጊዜ ሳያውቀው በሰባት ሰዓት ያራዝማል፤ ሲመለስ ደግሞ ያሳጥራል። ሐኪሙ የሚፈልገው ያለፈው ጊዜ ስንት እንደሆነ ስለሆነ፣ ጉዞው እስኪያልቅ አንዱን ሰዓት በአዲስ አበባው አቆጣጠር ይዞ መቆየት ይረዳል። መድኃኒቱ ራሱ፣ ከነማዘዣው፣ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይያዝ። ሻንጣ በደብሊን ወይም በዳለስ ሊዘገይ ይችላል።